«እንዲህ እየሮጠች ትወልድ ይሆን?»

ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. ማታ የጎረቤታችን ሳሎን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ለክረምት ዕረፍት ከዶርም ወጥቼ ቤተሰቦቼ ጋ ነኝ። በአካባቢው ቴሌቪዥን ያለው እዚያ ቤት ብቻ ስለነበር የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚያው ነው። የባርሴሎና ኦሊምፒክ የሴቶች 10 ሺህ ሜትር ፍጻሜ ነበር። ደራርቱ ቱሉ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ሜየር ኋላ እንደ ጥላ ተለጥፋ ዙሩን ስታስቆጥር ቆየችና መጨረሻው ላይ አፈትልካ ወጣች፤ በ31 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ገባች። የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሳሎኑ በእልልታ ተናወጠ። ሁለቱ ሯጮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ሲዞሩ የቤቱ ባለቤት እናት ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና፣ «ጎሽ የኔ ልጅ! ግን እንዲያው፣ እንዲህ እየሮጠች ትወልድ ይሆን?» አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ያኔ በዩኒቨርሲቲያችን የአትሌቲክስ ቡድን ውስጥ እሮጥ ነበር፤ የወር አበባዬን ካየሁ ደግሞ ሰባት ወር አልፎኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም።

በደራርቱ በኩል እንኳ የእማማ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ብዙ አልቆየም። በ1998 ወለደች፤ በ2000 ሲድኒ ላይ ተመልሳ ያንኑ 10 ሺህ ሜትር አሸነፈች። (ካልገለጽኩ በስተቀር ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በእኔ በኩል ግን ጥያቄው ቶሎ አልተዘጋም። የእማማ የግል ሐሳብ እንዳልሆነና ከሰፈራችን በፊት ብዙ አገር እንደዞረ የገባኝ ከተመረቅሁ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ማንበብ ስጀምር ነው። ደግሞ መነሻው ስፖርት ሜዳ አይደለም። እንደኛ ያለ ግቢ ነው።

በ1873 በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ያስተማሩ ኤድዋርድ ክላርክ የተባሉ ሐኪም ስለ ሴቶች ትምህርት አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ የሰውነት ኃይል የተወሰነ ነው፣ ለአካለ መጠን የምትደርስ ልጅ እንደ ወንድ ካጠናች ደሙና ኃይሉ ወደ አንጎል ይሄዳል፣ ማህፀኗ ሳያድግ ይቀራል። ስለዚህ በወር አበባዋ ሰሞን ትምህርቱም እንቅስቃሴውም ይቅርባት። ማስረጃቸው ክሊኒካቸው የመጡ ጥቂት የታመሙ ልጆች ነበሩ። መጽሐፉ በተደጋጋሚ ታተመ። ሴቶችን ከዩኒቨርሲቲ ለማራቅ ለሚፈልግ ሁሉ የሐኪም ማዘዣ ሆነለት ማለት ነው።

መልስ የሰጡት ሜሪ ፑትናም ጃኮቢ ናቸው። ፓሪስ ሕክምና ተምረው በ1871 የተመረቁ አሜሪካዊት ሐኪም ነበሩ። ሃርቫርድ በ1876 ለቦይልስተን ሽልማት ባወጣው ውድድር ላይ፣ ሴቶች በወር አበባ ጊዜ የአእምሮና የአካል ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል ወይ የሚል ርእስ ቀረበ። ጽሑፎቹ የሚገቡት ያለ ስም ስለነበር ዳኞቹ የጸሐፊውን ጾታ አያውቁም። ጃኮቢ ያደረጉት ነገር ዛሬ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሴቶቹን ጠየቁ። የጥያቄ ወረቀት በተኑና 268 ሴቶች መለሱላቸው። ሕመም አለሽ? ስንት ሰዓት ታጠኛለሽ? ምን ያህል በእግርሽ ትሄጃለሽ? ጤናሽ በጠቅላላ እንዴት ነው? ከዚያም ጥቂት ሴቶችን መርጠው ወሩን ሙሉ የልብ ትርታቸውንና የጡንቻ ጉልበታቸውን ለኩ። ሽልማቱን አሸነፉ።

መደምደሚያቸው ውስጥ ግን ሰው ቶሎ አንብቦ የሚያልፈው አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። የወር አበባ በራሱ ሴትን እንድትተኛ የሚያስገድድ ነገር የለውም፤ ይህ የሚሠራው ግን በደንብ ለምትመገብ ሴት ነው ይላል። እኔም ይህችን የምግብ ነገር መጀመሪያ ሳነብ አልፌያት ነበር። እመለስባታለሁ።

ጃኮቢ ሽልማቱን ቢያሸንፉም የክላርክ ሐሳብ አልሞተም፤ ከመማሪያ ክፍል ወጥቶ ወደ ስፖርት ሜዳ ገባ። የዘመናዊው ኦሊምፒክ መሥራች ፒየር ደ ኩበርቲን ሴቶች እንዲወዳደሩ አይፈልጉም ነበር። ፈረንሳዊቷ አሊስ ሚሊያ በ1921 የሴቶችን ዓለም አቀፍ የስፖርት ፌዴሬሽን አቋቁማ በ1922 ፓሪስ ላይ ለብቻቸው የሴቶች ኦሊምፒክ ብታዘጋጅ ነው ወንዶቹ የተደናገጡት። በ1928 አምስተርዳም ላይ ለሴቶች አምስት የአትሌቲክስ ውድድሮች ተፈቀዱ። ከሩጫዎቹ ረጅሙ 800 ሜትር ነበር።

ያ ፍጻሜ መታወስ አለበት። ዘጠኝ ሴቶች ተነሡ፣ ዘጠኙም ጨረሱ። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ አዲስ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዘገበች፤ ጃፓናዊቷ ሂቶሚ ኪኑኤ ሁለተኛ ወጣች። እንደ ማንኛውም 800 ሜትር ሯጭ አንዳንዶቹ ሣሩ ላይ ወደቁ፣ አየር ሳቡ፣ ተነሡ። በማግስቱ አንዳንድ ጋዜጦች ግማሹ ሯጭ ራሱን ስቶ እንደተለቀመ አድርገው ጻፉት። ርቀቱ ለሴት አካል ከባድ ነው ተብሎ ከኦሊምፒክ ተሰረዘ። የተመለሰው በ1960 ሮም ላይ ነው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶን ባሸነፈበት በዚያው ኦሊምፒክ ማለት ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት! ወንድ ሯጭ ሣር ላይ ስለወደቀ የተሰረዘ ውድድር እኔ አላውቅም።

በ1966 ቦቢ ጊብ የቦስተን ማራቶን ላይ ልመዝገብ ብላ ብትጽፍ፣ ሴት ይህን ርቀት በተፈጥሮዋ አትችልም የሚል መልስ መጣላት። ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ቆየችና ከሯጮቹ ጋር ተቀላቅላ ጨረሰች። በተከታዩ ዓመት ካትሪን ስዊትዘር በስሟ የመጀመሪያ ፊደላት ተመዝግባ ስትሮጥ ከአዘጋጆቹ አንዱ መንገድ ላይ ደርሶ ቁጥሯን ሊነጥቃት ታገለ፤ ፎቶግራፉን ያላየ ያለ አይመስለኝም። ያን ጊዜ ለሯጭ ሴቶች የሚነገራቸው ምክር «ማህፀንሽ ይወርዳል» የሚል ነበር። እማማ ያሉትም እኮ ከዚህ አይርቅም፤ የእሳቸው እንዲያውም ትሕትና አለው፣ በጥያቄ መልክ ነው።

1984 ላይ ትንሽ ልቆይ። በዚያ ዓመት ሁለት ነገር ሆነ፤ የሰማነው አንዱን ብቻ ነው።

የሰማነው ሎስ አንጀለስ ላይ የተደረገውን የመጀመሪያውን የሴቶች ኦሊምፒክ ማራቶን ነው። ጆን ቤኖይት በ2:24:52 አሸነፈች። በዚያው ውድድር የስዊዘርላንዷ ጋብሪኤላ አንደርሰን በሙቀት ተመታ የመጨረሻውን ዙር እየተንገዳገደች፣ አንድ ጎኗ እየተጎተተ፣ አምስት ደቂቃ ከግማሽ በላይ ፈጅቶባት ገባች። ስታዲየሙ ቆሞ አጨበጨበላት። ከአምስተርዳሙ ሣር እጅግ የባሰ ትዕይንት ነበር፤ ግን ማራቶኑን እንሰርዘው ያለ የለም። ዘመን ተለውጧል።

ያልሰማነው በዚያው ዓመት አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ አጭር ጥናት ነው። ባርባራ ድሪንክዋተርና ባልደረቦቿ የወር አበባቸው የቀረባቸውን 14 ስፖርተኞችና የወር አበባቸው የሚመጣላቸውን 14 ስፖርተኞች የጀርባ አጥንት ለኩ። የወር አበባ የቀረባቸው ልጆች ዕድሜ በአማካይ 25 ገደማ ነው። አጥንታቸው ግን የ51 ዓመት ሴት አጥንት ያህል ሳስቶ ተገኘ።

እንግዲህ ይሄ ለክርክሩ አመቺ አልነበረም። ለመቶ ዓመት «ይጎዳሻል» ሲባሉ የኖሩ ሴቶች በስንት ትግል ሜዳ ከገቡ በኋላ፣ «አዎ፣ የሚጎዳም ነገር አለ» ብሎ መናገር ለእነ ክላርክ በር መክፈት ይመስላል። ብዙዎች ዝም ማለቱን መረጡ፤ አልፈርድባቸውም። በ1992፣ ደራርቱ ባሸነፈችበት ዓመት፣ የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ሦስት ችግሮችን አንድ ላይ አያያዘ፤ የአመጋገብ መዛባት፣ የወር አበባ መቅረትና የአጥንት መሳሳት። ቀጥሎ አን ላውክስ የተባለች ተመራማሪ ጥያቄውን በቀጥታ ያዘችው። ሴቶችን በመሮጫ ማሽን ላይ አሠራች፤ ለከፊሎቹ ያቃጠሉትን ያህል ምግብ ጨመረችላቸው፣ ለሌሎቹ አልጨመረችም። በልተው የሠሩት ሆርሞናቸው አልተዛባም። ሳይበሉ የሠሩት ተዛባ። ልፋቱ አይደለም ሆርሞኑን የሚያዘጋው፤ ለልፋቱ ያልተከፈለው ምግብ ነው። አንጎል ምግብ እንዳነሰ ሲያይ ዘር የማፍራቱን ሥራ ያቆመዋል፤ እንቁላል አይለቀቅም፣ ኢስትሮጂን ይወርዳል፣ አጥንት ይሳሳል።

ጃኮቢ በ1876 «በደንብ ለምትመገብ ሴት» ብለው ያስቀመጧት ቅድመ ሁኔታ ይቺ ናት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ በላቦራቶሪ ተመለሰች።

ወደ አገራችን ልምጣ። ኢትዮጵያ ሴቶችን ወደ ኦሊምፒክ የላከችው ዘግይታ ነው። ሜልቦርን 1956፣ ሮም፣ ቶኪዮ፣ ሜክሲኮ፣ ሙኒክ፤ በነዚህ ሁሉ የሄዱት ወንዶች ናቸው። ሞስኮ 1980 ላይ ሁለት ሴቶች ተሳተፉ። ሎስ አንጀለስና ሴኡል ላይ በፖለቲካው ምክንያት አልነበርንም። ስለዚህ በ1992 የተጀመረው ከባዶ የተጀመረ ያህል ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሆነች፣ ጥሩነሽ ዲባባ በ18 ዓመቷ የዓለም ሻምፒዮን ሆና በቤጂንግና በለንደን 10 ሺውን ወሰደች፣ አልማዝ አያና ሪዮ ላይ 29:17.45 ሮጠች፣ ትዕግሥት አሰፋ በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨረሰች። የማኅበራችን አባላት ሲገናኙ ይህን መዘርዘር እንወዳለን። እኔም እወዳለሁ።

ስለተሸነፉት ማለቴ አይደለም፤ ፍጻሜ ስላልደረሱት ልጆች ግን ማንም አይጽፍም። የራሴን ታሪክ ልናገርና ይለፍልኝ። የቡድናችን ልምምድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነበር። ስንጨርስ የካፌው የቁርስ ሰዓት አልፏል። ከሻይና ከተረፈ ዳቦ ጋር ክፍል እንገባለን። በጾም ወራት ደግሞ እኔና ጓደኞቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾም ነበር፤ ጾሙን ለመንቀፍ አይደለም፣ ሩጫውን ሳይቀንሱ መጾም ሌላ ሒሳብ እንዳለው የነገረን ስላልነበረ ነው። የወር አበባዬ ሲቀር ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር። ሞዴስ የሚገዛበት ገንዘብ አልነበረኝም፣ ጨርቅ አጣጥፎ መሮጥ ደግሞ የሞከረችው ታውቀዋለች። ለአሠልጣኙ ስም ሳልሰጠው ዙሪያውን ዞሬ ብነግረው፣ «ጥሩ ነው፣ ሰውነትሽ አሁን ገና ስፖርት ለመደ» አለኝ። ክሊኒክ ያገኘኋት ነርስ ደግሞ «ስታገቢ ይስተካከላል» አለች። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። በተከታዩ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ፣ ማንም ሳይነካኝ፣ ልምምድ ላይ ቅልጥሜ ተሰነጠቀ። ሩጫው በዚያው አበቃ።

የዛሬ አምስት ዓመት በተገናኘንበት ጊዜ ምሳ ላይ ይህን ለሁለት የቡድን ጓደኞቼ ባነሣው አንደኛዋ ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ «አንቺም?» አለች። ሦስታችንም ነበርን። አራት ዓመት አንድ ዶርም አድረን፣ አንድ ባልዲ ውኃ ተካፍለን፣ ሳንነጋገር ተመርቀናል።

ይህ የድሃ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካዊቷ ሜሪ ኬን በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ከአገሯ ሯጮች ሁሉ ተስፋ የተጣለባት ነበረች። በ2019 ራሷ ስትናገር፣ ኪሎ ቀንሺ እየተባለች የወር አበባዋ ለሦስት ዓመት ቀርቶ አምስት አጥንቷ ተሰብሯል። እዚያ ምግቡ ሞልቷል፤ ከልክለዋት ነው። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 ነገሩን በሰፊው አይቶ የኃይል እጥረቱ አጥንትን ብቻ ሳይሆን ልብን፣ በሽታ የመከላከል አቅምንና ስሜትን ጭምር እንደሚነካ፣ ወንዶችንም እንደሚያገኝ የጋራ አቋም አወጣ። ለታዳጊ ሴት ግን ጉዳቱ ይከፋል። ምክንያቱም አብዛኛው የአጥንት ክምችት የሚጠናቀቀው በአሥራዎቹ ዕድሜ ነው፤ በ15 ዓመት ያልተቀመጠ አጥንት በ30 ዓመት ተመልሶ አይሞላም።

እኛ ጋ ደግሞ ሌላ የሚደረብ አለ። የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ የአገራችን ሴቶች 24 በመቶው ደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። ደም ያነሳት ልጅ ስትሮጥ ትደክማለች፤ አሠልጣኝ ሲያያት ሰነፍ ትመስለዋለች፤ ልምምድ ይጨመርባታል። የሞዴሱም ነገር ከእኛ ዘመን ጋር ሙሉ በሙሉ አላለፈም። መቀሌ ላይ ታጥቦ የሚደገም የንጽሕና መጠበቂያ የሚያመርት ፋብሪካ ያቋቋመችው ፍሬወይኒ መብራህቱ በ2019 የሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ተብላ ስትመረጥ ብዙ ወንዶች ሞዴስ ምን ያስሸልማል ሲሉ ሰምቻለሁ። ሴቶቹ አልጠየቁም።

ለአሁኖቹ መምህራን አንድ ነገር ልበል፤ ከውጭ ሆኖ መናገር ቀላል እንደሆነ እያወቅሁ። እኔ ስማር የስፖርት ትምህርት ክፍል አልነበረንም፤ ዛሬ አለ፣ ተመራቂዎቹም በየክለቡ አሠልጣኝ ይሆናሉ። የሕክምናውና የሥነ ምግቡ ክፍል እዚያው አጠገብ ነው። ባለፈው ወደ ግቢ ስመጣ አንድ ወጣት አሠልጣኝ የቡድኑን መዝገብ አሳየኝ። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ስም፣ ክብደት፣ የልብ ምት፣ ርቀት፣ ሰዓት። የሴቶቹም ገጽ እንደ ወንዶቹ ነው፤ አንድም ዓምድ አይለይም። «የወር አበባቸውንስ ትጽፋለህ?» አልኩት። አፈረ። «እንዴት ብዬ እጠይቃለሁ፣ እናቴ?» አለኝ። ትክክል ነው፤ እሱ መጠየቅ የለበትም ይሆናል። አንዲት ሴት ሐኪም ወይም ነርስ በወር አንድ ጊዜ ብትመጣስ? አልኩት። እሱም የካፌው የቁርስ ሰዓት እንዲራዘምላቸው ደብዳቤ ጽፎ እየጠበቀ እንደሆነ ነገረኝ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ያችው ቁርስ!

በዚህ ዓመት ስንገናኝ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሜዳው ዳር ካሉት የድንጋይ ደረጃዎች ላይ እቀመጣለሁ። የቡድኑ ልጆች በዚያ ሰዓት ልምምድ አላቸው ተብያለሁ፤ ሁለቱ የዶርም ጓደኞቼም ይመጣሉ፤ ከሕክምና ትምህርት ቤት አንዲት መምህርትም አብራን ለመቀመጥ ቃል ገብታልናለች። አንድ ገጽ ጥያቄ አባዝቻለሁ። የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው? ዛሬ ከልምምድ በፊት ምን በላሽ? ከልምምድ በኋላስ? አጥንትሽን አሞሽ ያውቃል? ለማን ነገርሽ? እንደነዚህ ያሉ ስምንት ናቸው። ስም አይጻፍበትም። እስክሪብቶ እኔ ይዣለሁ።